ያልተካተተች ደሴት

ውብአንቺ አንለይ የጀልባ ሹፌር ነበረች። በአሥራ አራት ዓመት የሥራ ዘመኗ ግን አንድም ቀን ጀልባ ነድታ አታውቅም። በ2081 ዓ.ም. ጣና ላይ የሚንቀሳቀስ ጀልባ ሁሉ የሚሄደው በምሪት ነው። ምሪት ሞተሩን ያስነሳል፣ መንገዱን ይመርጣል፣ ይዞራል፣ ይቆማል። የሹፌሯ ሥራ ከፊት ተቀምጣ በየአሥር ደቂቃው ምሪት ‹‹ነቅተሻል?›› ሲላት ‹‹ነቅቻለሁ›› ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ሳትመልስ ከቀረች ስሟ ይመዘገባል። ከመቀመጫዋ ሥር በቀይ ማኅተም የታሸገ የእጅ መሪ አለ። ማኅተሙ መቼ እንደሚፈታ የነገራት ሰው የለም፤ የፈታው ሰው ምን እንደሚደረግ ግን በየዓመቱ ሥልጠና ትወስዳለች።

ጥቅምት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሦስት መንገደኞች ባሕር ዳር ወደብ ተሳፈሩ። አብዛኞቹ ሰኞ ገበያ ውለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የሽመላ ደሴት ሰዎች ናቸው። ውብአንቺም የተወለደችው እዚያው ነው። እንደ ሁልጊዜው ‹‹ሽመላ›› አለች።

‹‹የተጠቀሰው መዳረሻ የለም›› አለ ምሪት። ‹‹እባክሽ ሌላ መዳረሻ ምረጪ።››

ደገመችው። ምሪትም ደገመው።

ከኋላዋ የጨው ከረጢት ታቅፈው የተቀመጡ ሴትዮ ‹‹ምን አለ?›› ብለው ጠየቁ።

‹‹የለም አለ።››

‹‹ማነው የሌለው?››

‹‹ሽመላ።››

‹‹ትናንት ከሽመላ አይደል እንዴ የመጣነው?››

ሰው ሳቀ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚስቅ አልነበረም። የወደቡ ተቆጣጣሪ ልየው መጣና ምሪት የሚያወራበትን ሰሌዳ አየ፤ እሱም ‹‹ሽመላ›› ብሎ ሞከረ፤ ከዚያ ሁሉንም አስወረዳቸው። ‹‹እድሳት ላይ ይሆናል። ነገ ይመለሳል›› አለ።

ሽመላ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጤና ኬላና አንድ ቤተ ክርስቲያን ያሉባት ደሴት ናት። የውብአንቺ አባት አቶ አንለይ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከስኳር በሽታ ጋር የኖሩት እዚያ ነው። ኢንሱሊናቸው በየአሥር ቀኑ በድሮን እየመጣ ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ያርፋል። ማክሰኞ ቀን የድሮኑ ተራ ነበር። ውብአንቺ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

‹‹መጣ እኮ›› አሏት አባቷ። ‹‹መጣና በላያችን አለፈ። ወጥተን እጃችንን አወዛወዝንለት፣ እንደ ሞኝ። ዞሮ ሄደ።››

‹‹ስንት ቀን ይበቃሃል አባዬ?››

‹‹ስድስት። ብቆጥበው ሰባት።››

‹‹እንዳትቆጥበው!››

‹‹ምን ያስቆጣሻል? ነገ ይመለሳል ብለሽኝ የለ?››

በማግስቱ አልተመለሰም። ውብአንቺ የሐይቅ ምሪት ድርጅት ቢሮ ሄደች፤ ሦስተኛ ፎቅ። ሄራን የምትባል፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ ያላለፈ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ ተቀበለቻት። ወንበር ሳበችላት፤ ውኃ አቀረበችላት። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች።

‹‹ሽመላ አልተሰረዘችም›› አለች። ‹‹በአዲሱ እትም አልተካተተችም ነው የሚባለው።››

‹‹ልዩነቱ ምንድን ነው?››

‹‹በተሰረዘ ነገር ላይ ቅሬታ ይቀርባል።››

ውብአንቺ ውኃውን አልነካችውም። ‹‹ለምንድን ነው ያልተካተተችው?››

‹‹ካርታው እንዳይከብድ በየዓመቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተመረጡ መዳረሻዎች ይቀነሳሉ። ሽመላ ባለፈው ዓመት የተመረጠችው መቶ አራት ጊዜ ነው።››

‹‹በየማክሰኞውና በየቅዳሜው ጀልባ ሙሉ ሰው ይዤ ስሄድ!››

‹‹እርስዎ ሲመርጡ የሚቆጠረው አንድ ሰው ነው። ተሳፋሪዎቹ እኮ አልመረጡም።››

‹‹አባቴ መድኃኒት ያልቅበታል።››

‹‹ይገባኛል›› አለች ሄራን፤ ፊቷም የገባት ይመስል ነበር። ‹‹ጥያቄ ማስገቢያ ቅጽ አለ። የአባትዎን ስምና የሚኖሩበትን ቦታ ይሙሉልኝ።›› ቅጹ የመኖሪያ ቦታን የሚያስመርጠው ከዝርዝር ነው። ሽመላ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም።

ሐሙስም ሄደች፤ ዓርብም ሄደች። ዓርብ ከቢሮው ወጥታ አባቷ ጋ ስትደውል የማታውቀው ድምፅ ‹‹የደወሉለት ሰው ያለበት ስፍራ አይታወቅም›› አላት። እናቷ ጋ ደወለች። ጤና ኬላው ጋ ደወለች። ያው ድምፅ ነው።

ሰው ሁሉ ያደረገውን አደረገች፤ ጠበቀች። በኋላ ይህን ስትናገር ድምፅዋ አይወፍርም አይቀጥንም፤ ‹‹ጠበቅሁ›› ትላለች። አሥራ አራት ዓመት ‹‹ነቅቻለሁ›› ስትል የኖረች ሴት፣ መጠበቅ ሥራ ነው ብላ አምና ነበር።

በሁለተኛው ማክሰኞ ሌላ መስመር ላይ ተመደበች። ከሩቅ የመጡ አሥራ አንድ ጎብኚዎች ይዛ ወደ ደቅ ደሴት ስትሄድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በስተቀኝ በኩል፣ ሐይቁ መሐል፣ ዛፍ የለበሰ ጉብታ ታየ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ያበራል። ከአንድ ቦታ ጭስ ይወጣል። አንዱ ጎብኚ በጣቱ ጠቆመና ‹‹ያ ምንድን ነው?›› ብሎ ጠየቀ።

‹‹ክፍት ውኃ ነው›› አለ ምሪት።

ሰውየው እንደገና አየ። ጉብታውን አየ፤ የሚያወራውን ሰሌዳ አየ፤ ከዚያ እጁን አወረደ። ወዲያው ‹‹ነቅተሻል?›› የሚለው ድምፅ መጣ። ውብአንቺ ጥርሷን ነክሳ ‹‹ነቅቻለሁ›› አለች። የእናቷ ቤት እዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው። በዓይኗ እያየችው፣ የተቀመጠችበት ጀልባ ‹የለም› አላት፤ እሷም ተቀምጣ ሰማች።

ተሳፋሪዎቹን መልሳ እንዳወረደች ከተማው ውስጥ ወዳለው የመምህር ዓይነኩሉ ቤት ሄደች።

መምህር ዓይነኩሉ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በሽመላ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍልን በየዓመቱ በታንኳ ይዘው እየወጡ፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው፣ የውኃውን ጥልቀት ያስለኩ ነበር። ልጆቹ የለኩት ቁጥር ከተማ ማተሚያ ቤት ተወስዶ ካርታ ሆኖ ታተመ፤ በወፍራም ወረቀት፣ በጥቁርና በቡናማ ቀለም። ሽመላ ውስጥ ሰው ማንበብ የሚለምደው በዚያ ነበር። መጀመሪያ የራሱን ቤት ይፈልጋል፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን፣ ቀጥሎ ወደ ከተማ የሚያደርሰውን መንገድ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ‹‹ያልታደሰ መረጃ ሕይወት ያጠፋል›› የሚል ዘመቻ ተደረገና የወረቀት ካርታ ሁሉ ተሰበሰበ። ታንኳም በዚያው ዓመት ለደኅንነት ሲባል ተከለከለ። የትምህርት ቤቱን ካርታዎች በጆንያ ተረክባ፣ ፈርማ፣ ወደ ከተማ ያጓጓዘችው ሹፌር ውብአንቺ ናት። ያን ቀን መምህሯ ዳር ላይ ቆመው ሲያዩዋት ሰላም ሳትላቸው ነበር የሄደችው።

በሩን የከፈቱላት እሳቸው ናቸው። ግቢ አላሏትም።

‹‹ምን ፈልገሽ ነው?››

‹‹ካርታ አለዎት ወይ ብዬ ነው፣ የኔታ።››

‹‹ካርታ! አንቺ አይደለሽም ወይ ሃምሳ አንዱን ጭነሽ የሄድሽው?››

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹ቆጥረሽ ነበር?››

‹‹አልቆጠርኩም። ፈርሜ ነው የወሰድኩት።››

ሽማግሌው ‹‹ሃምሳ ሁለት ነበሩ›› አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ካርታው ስምንት ቦታ የታጠፈ ነው። እጥፋቱ በቁስል ፕላስተር ተለጣጥፏል። ውብአንቺ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ስታየው፣ በልጅነቷ የተማረችውን ረስታው፣ መጀመሪያ ምንም አልገባትም። መምህሩ ጣቷን ይዘው ወደቡ ላይ አስቀመጡትና ‹‹እዚህ ነሽ›› አሏት። ከዚያ በዝግታ ወደ ላይ ወሰዱት። የጉማሬ መውጫ፣ የደንገል ዳር፣ ሁለቱ ድንጋዮች። ‹‹የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና ትልቁ ዋርካ አንዱ ባንዱ ላይ ሲገጥሙ ብቻ ወደ ውስጥ ትታጠፊያለሽ። ካልገጠሙ አለት አለ።››

‹‹ሐይቁ ቀንሷል፤ ቁጥሮቹ አይሠሩም እኮ።››

‹‹ቢቀንስስ? እንለካለና! ገመድ ጠፋ?››

ረቡዕ ማለዳ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሁለቱ ወደቡ ላይ ነበሩ። የሽመላ በሽተኞች መድኃኒት ድሮኑ መልሶ ካመጣው ጀምሮ ወደቡ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። በሳጥኑ ላይ ‹‹መዳረሻ›› ከሚለው ቀጥሎ ሰረዝ አለ። ልየው ውብአንቺን አያት፤ ሽማግሌውን አያቸው፤ በብብታቸው የያዙትን ወረቀት አየ።

‹‹እኔ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ›› አለ። ‹‹ፍሪጁ አይቆለፍም።››

ውብአንቺ ሳጥኑን ጫነች። ማኅተሙን በመፍቻ መታችው፤ አንዴ አልበቃትም። ከተሰበረም በኋላ ሦስት ጊዜ መታችው። የእጅ መሪው ዝጎ ነበር፤ በሁለት እጅ ሲጎተት ግን ተንቀሳቀሰ።

‹‹ያልተፈቀደ ድርጊት ተመዝግቧል›› አለ ምሪት። ‹‹ነቅተሻል?››

ከሰሌዳው ጀርባ እጇን ሰድዳ ያገኘችውን ሽቦ ሁሉ ነቀለችው።

ሐይቁ ላይ ስስ ጉም ነበር። መምህር ዓይነኩሉ ፊት ተቀምጠው ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያነባሉ፤ እሷ ትነዳለች። መጀመሪያ ላይ መሪውን አብዝታ እያዞረች ጀልባው እንደ ሰካራም ተወላገደ። እሳቸው አልሳቁባትም። ‹‹ትንሽ፣ ትንሽ›› ይሏታል። እምቦጭ አረሙ ሰፊ መስክ ሠርቶ መንገዱን የዘጋበት ቦታ ሲደርሱ ዞሩት፤ ዞረው ሲጨርሱ የት እንዳሉ ጠፋባቸው። ሞተሩን አጠፋች። ጸጥ አለ።

‹‹አሁንስ?›› አለች።

‹‹አሁን እናያለን።››

ጉሙ እስኪሳሳ ጠበቁ። ሁለቱ ድንጋዮች ታዩ፤ ካርታው ላይ ውኃ ውስጥ የነበሩት ድንጋዮች አሁን ወገባቸው ድረስ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲያ በዝግታ ሄዱ። ገመዱን የምትጥለው ውብአንቺ ናት፤ ቁጥሩን ትጮሃለች፤ መምህሩ ከአሮጌው ቁጥር አጠገብ አዲሱን በእርሳስ ይጽፋሉ። ከአራት ሜትር ወደ ሦስት ከአሥር። ከሦስት ወደ አንድ ተኩል። ጉልላቱና ዋርካው ቀስ ብለው ተቀራረቡ፤ ገጠሙ። ታጠፈች። የጀልባው ሆድ ምንም አልነካም።

ዳር ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። የጀልባ ድምፅ ከሰሙ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ውብአንቺ ሳጥኑን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፤ እልል ያለ ሰው አልነበረም። ጎረቤታቸው ቢተው ውኃ ውስጥ ገብቶ ገመዱን ተቀበላት። ዓይኗን አላየም። ራሱን ተላጭቷል።

‹‹ማነው የሞተው?›› አለች።

እናቷ ወይዘሮ አበቡ ከሰው መሐል ወጡ፤ ጥቁር ለብሰዋል።

አቶ አንለይ የሞቱት ሰኞ ጥቅምት 15 ቀን ነው። የተቀበሩት ማክሰኞ ነው። እሷ በዚያች ሰዓት ጎብኚዎች ይዛ በሽመላ አጠገብ እያለፈች ነበር።

‹‹ሰባት ቀን ይበቃኛል ብሎሽ ነበር አይደል?›› አሏት እናቷ፣ ማታ ለቅሶው ጋብ ሲል።

‹‹ብሎኛል።››

‹‹የቢተው ልጅ የምንትዋብ መድኃኒት በሁለተኛው ቀን አለቀ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የራሱን አንስቶ ሄዶ ሰጣት። ተው ስለው ‹ውብአንቺ ትመጣለች› አለኝ።››

ውብአንቺ ያን ምሽት አላለቀሰችም። አንድ ስሌት ሠራች። ማኅተሙን ዓርብ ሰብራ ቢሆን ኖሮ አባቷ ይተርፍ ነበር። ቅዳሜም ቢሆን ይተርፍ ነበር። ዓርብ የት ነበረች? ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንበር ላይ፣ ከማትጠጣው ውኃ ፊት ለፊት። ስሌቱን ደጋግማ ሠራችው፤ በሠራችው ቁጥር ንዴቷ ግማሹ ወደ ቢሮው፣ ግማሹ ወደ ራሷ ይሄድ ነበር።

ጀልባዋን የሚይዝ አልመጣም። የድርጅቱ ጠባቂዎች የሚንቀሳቀሱት በምሪት ስለሆነ ሽመላ ድረስ መምጣት አይችሉም። በየአራት ቀኑ ከተማው ዳር ካለ ደንገል ውስጥ ትገባለች፤ ልየው መድኃኒቱን በእግሩ ያመጣላታል። ከተማ ቀርተው የነበሩትን መንገደኞች በሁለት ዙር አገባቻቸው። የጨው ከረጢት የያዙት ሴትዮ ሲወርዱ መሬቱን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት። ‹‹የለም የተባለው ይሄ ነው?›› አሉ፤ ጮክ ብለው ተሳደቡ፤ ስድቡ እዚህ አይጻፍም።

አንድ ቀን የአባቷን ሞት ልታስመዘግብ ወደ ከተማ ወጣች። የክብር መዝገብ ጸሐፊው ቅጹን ከፈተላት።

‹‹የሞቱበት ቦታ?››

‹‹ሽመላ።››

ፈለገ። ‹‹የለም። ከዝርዝሩ ሌላ ይምረጡ።››

‹‹ሌላ ቦታ አልሞተም።››

‹‹ቅጹ አያልፍማ።››

‹‹ባዶ ተወው።››

‹‹ባዶ ከሆነ አልሞቱም ማለት ነው›› አለ ጸሐፊው። ክፉ ሰው አልነበረም። ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበረው።

ሽመላ ውስጥ ትምህርት ቤቱም ቆሞ ነበር። ልጆቹ የሚማሩበት የሚያወራ ሰሌዳ ያለበት ስፍራ ስለማይታወቅ ትምህርት መስጠት አቁሟል። መምህር ዓይነኩሉ ወደ ከተማ አልተመለሱም። ያቺን አንዲት ካርታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወጥረው ልጆቹ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ እንዲገለብጧት አደረጉ። የመጀመሪያው ቀን አንድም ልጅ የራሱን ቤት ማግኘት አልቻለም። የሚያወራ ነገር ጠብቀው ወረቀቱን ጆሯቸው አጠገብ ያደረጉም ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አምስቱ ከውኃ ዳር እስከ ሁለቱ ድንጋዮች ያለውን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገሩ ነበር። ምንትዋብ ከነሱ አንዷ ናት። ቢተውም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይገለብጣል። ልየው አንዱን ቅጂ በድብቅ ከተማ ወስዶ የተዘጋ ማተሚያ ቤት ካለው ዘመዱ አርባ አሳትሞ አመጣ። የታተመውን ሲያዩ ሰዎቹ በሁለት እጃቸው ነበር የተቀበሉት።

የአንለይ ሞት ወሬ ከተማ ገባ። መዝገብ ላይ የሌለ ሞት አፍ ላይ በዛ። ኅዳር 9 ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የድርጅቱ ነጭ ጀልባ ከሽመላ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ መምጣት አይችልም። ውብአንቺ ሄደች። ሄራን ብቻዋን ነበረች፤ ደረቷ ላይ ማኅደር ይዛለች።

‹‹ወይዘሮ አበቡን በአካል ማግኘት አለብኝ›› አለች። ‹‹እባክዎን ያድርሱኝ።››

ውብአንቺ ገመድ ወረወረችላት። ሌላ ምንም አላለቻትም።

እናትየው ደጃፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሄራን ማኅደሩን ከፈተች። ድርጅቱ ሽመላን በሚቀጥለው ሰኞ ሊያካትታት ዝግጁ ነው። ድሮኑ ይመለሳል፤ ስልኩ ይመለሳል፤ ትምህርት ቤቱም ይከፈታል። ማኅተም በመስበር በውብአንቺ ላይ የተከፈተው ክስ ይነሣል። የሚጠበቀው አንድ ፊርማ ነው። ወረቀቱ አቶ አንለይ ጥቅምት 6 ቀን በከተማው ሆስፒታል እንደሞቱ ይገልጻል።

‹‹ጥቅምት ስድስት?›› አለች ውብአንቺ። ‹‹ጥቅምት ዘጠኝ በስልክ አናግሬዋለሁ!››

‹‹አዲሱ እትም የወጣው ጥቅምት ዘጠኝ ነው›› አለች ሄራን። ‹‹ከዚያ በፊት ካልሆነ…›› አልጨረሰችውም።

ወይዘሮ አበቡ ወረቀቱን አልተቀበሉም። ወደ ቢተው ዞሩ። ‹‹አንተ ምን ትላለህ? ልጅ ያለህ አንተ ነህ።››

ቢተው መሬት መሬት አየ። ‹‹እትዬ አበቡ፣ ይፈርሙ ልልዎት አልችልም። አይፈርሙ ለማለትም አፍ የለኝም። ልጄ በሳቸው ሞት ነው የቆመችው።››

‹‹ውብአንቺ፣ መድኃኒቱን በዚህ በካርታው ማምጣት ትችያለሽ?›› አሉ ወይዘሮ አበቡ።

‹‹እስካልታሰርኩ።››

‹‹ብትታሰሪስ?››

መምህር ዓይነኩሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ‹‹አሥራ አምስት ልጅ ያነበዋል።››

‹‹እኔም አነበዋለሁ›› አለ ቢተው። ‹‹ዋርካው ጋ ትንሽ ያምታታኛል እንጂ።››

ወይዘሮ አበቡ ያን ጊዜ ወደ ሄራን ዞሩ። ‹‹ልጄ፣ አሁን የት ነው ያለሽው?››

ሄራን ሳታስበው የእጅ ሰዓቷን አየች። ሰዓቱ ‹‹ስፍራው አልታወቀም›› ይላል። እጇን ወደ ልብሷ መለሰችው።

‹‹እኔ ያለሁበት ቦታ ከሌለ እጄም የለም። በምን እጄ ልፈርምልሽ?›› ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ሽመላ ውስጥ እንዲህ ሲጮሁ የሰማቸው ሰው አልነበረም። ‹‹ባሌ የሞተው እዚህ ነው! በዚህ አልጋ ላይ፣ ጭንቅላቱ እዚህ ጭኔ ላይ ሆኖ! ቤቱን ወሰዳችሁበት፣ መድኃኒቱን ወሰዳችሁበት፣ አሁን ደግሞ ሞቱን ልትወስዱበት መጣችሁ? ለላኩሽ ንገሪያቸው። በሰኞ አታባብሉኝ። ስንት ሰኞ አልፎናል!››

ሄራን ወረቀቱን ማኅደሩ ውስጥ መለሰችው። ሁለት ጊዜ ሳተችው።

ወደ ውኃው ሲመለሱ ውብአንቺ ከታተሙት ካርታዎች አንዱን አንስታ ሰጠቻት። ‹‹አንብቢ፤ እነዳለሁ›› አለቻት።

‹‹እኔ አላውቅበትም እኮ።››

‹‹እኔም አላውቅም ነበር።››

ሄራን የመጣችበት ነጭ ጀልባ ብቻውን ወደ ወደቡ ተመልሶ ነበር፤ ያለ ሰው የቆመ ጀልባ እንዲያ ያደርጋል። እስከ ከተማው ዳር ያለው መንገድ ሁሉ የሄራን ሆነ። ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችው፤ ውብአንቺ አላስተካከለችላትም፤ ራሷ እስክታውቀው ሞተሩን አጥፍታ ጠበቀች። ሁለቱን ድንጋዮች በስተግራ ማለፍ ሲገባት በስተቀኝ አለች፤ በስተቀኝ ሄዱ፤ ደለል ላይ ወጡ። ሁለቱም ወርደው ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው ገፉት። ፀሐዩ ጠነከረ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ሄራን ጣቷን ካርታው ላይ እንዳደረገች ድንገት ቀና አለች።

‹‹ያ ጉብታ ይሄኛው ነው?››

‹‹ነው።››

‹‹ያኛውስ… የደንገል ዳር?››

‹‹እሱ ነው።››

ወደ ደንገሉ ሲቃረቡ ካርታው ላይ አራት ሜትር የሚል ቁጥር ነበር፤ ውኃው ግን ቀለሙ ሌላ ነው። ውብአንቺ ገመዱን አቀበለቻት። ሄራን ድንጋዩን ጣለች፤ ቋጠሮዎቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ‹‹ሁለት ከሃያ›› አለች። ከዚያ ገመዱን እንደያዘች እንባዋ መጣ።

‹‹ውብአንቺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ዓርብ እኔ…››

‹‹ይቅርታሽ ይቆየኝ›› አለች ውብአንቺ። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈለገችም። እርሳሱን ከጆሮዋ ጀርባ አውጥታ ሰጠቻት። ‹‹የለካሽውን ጻፊ።››

ሄራን ጻፈች። ውብአንቺ ከትከሻዋ በላይ ሆና አየችው።

‹‹ቀኑንም ጻፊ›› አለቻት። ‹‹ትክክለኛውን ቀን።››